ያልተጨረሰው መድኃኒት

አናጢው የጤና ጣቢያውን የተሰበረ አግዳሚ ወንበር ሊጠግን መጥቶ መዶሻውን ገና ሳያነሳ፣ በረንዳው ላይ ከተኮለኮሉት ሕመምተኞች መሀል አንዲት ወጣት እየሳለች ስትንገዳገድ አየ። ሊደግፋት ሮጠ። ቀና ስትል የገዛ ልጁ ሆና አገኛት! ዩኒቨርሲቲ ትምህርቷ ላይ ናት ብሎ ነበር እኮ።

«ምን ሆንሽብኝ? አሞሽ ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ አባባ! ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ቲያትር እየተለማመድን ነው።»

ደሙ ፈላ። «ሳል ለመማር ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው? እናትሽን የቀበርናት በዚህ ሳል ነው! በእሷ ሞት ትጫወቻለሽ? ከነገ ጀምሮ ይህን የቲያትር ትምህርት ትተሽ ሌላ ትገቢያለሽ፤ አለዚያ አባቴ ብለሽ እንዳትጠሪኝ!»

ልጅቱ ክንዱን ያዘችው። «አባባ፣ ይቅጡኝ፤ ግን መጀመሪያ ይስሙኝ። መምህራችን ‹ሰው እስኪመጣላችሁ አትጠብቁ፣ ሰው ወዳለበት ሂዱ› ይለናል። አንድ ወር ሙሉ እዚህ ተቀምጠን ሕመምተኞቹን ስናዳምጥ ከረምን። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር ይወሰዳል፤ ብዙው ሰው ግን ሳሉ ሲተወው ያቆማል።»

«ታዲያ ነርሷ ትንገራቸዋ! አፍ የላትም?»

«ትነግራቸዋለች። እሺ ይሉና ቤታቸው ገብተው ያቆማሉ። ለምን እንዳቆሙ ደግሞ ስለሚፈሯት አይነግሯትም። እኛ ታሪኩን አሳይተን መሀል ላይ እናቆምና ‹እናንተ ብትሆኑስ?› እንላቸዋለን። ያኔ አፋቸው ይፈታል።»

«ለታመመ ሰው መድኃኒት እንጂ ቲያትር ምን ይፈይድለታል!» ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

ምስኪን፣ ያናደደው ቲያትሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሰየው ነበር። ዐሥር ዓመት ያፈነው ነገር ነበረው።

ትርኢቱ ተጀመረ። ልጅቱ እናቷን ሆነች። መድኃኒቱን እጇ ላይ አየት አደረገችና «ሰለቸኝ፤ ደግሞም ድኛለሁ» ብላ ትራስ ስር ደበቀችው። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ «ይህች ሴት ለምን መድኃኒቷን ተወች?» ስትል ጠየቀች።

«ግድ የለሽ ስለሆነች ነዋ!» አለ አንድ ሻርፕ የጠመጠመ ሰውዬ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልነበረችም!»

አናጢው ነበር። በሕመምተኞቹ መሀል አልፎ ወደ ፊት ወጣ።

«ግድ የለሽ አልነበረችም። ያስተውኳት እኔ ነኝ። ሳሏ ጠፍቶ፣ ፊቷ ሞልቶ ነበር። እዚህ ስትመላለስ ጎረቤት ይጠቋቆማል፤ እኔም አፈርኩ። ‹ድነሻል፣ በቃሽ!› አልኳት። ልጄን ላሳድግበት ልጨርሰው ብላ ለምናኝ ነበር... እምቢ አልኳት።»

ልጅቱ ወደ አባቷ ተጠጋች። «እኔ እኮ አባባ» አለች፣ «እኔን ማሳደግ ሰልችቷት የተወችው ይመስለኝ ነበር።»

አባትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። ሻርፕ የጠመጠመው ሰውዬ ወደ ነርሷ ጠጋ ብሎ፣ «እህቴ፣ እኔም ሚስቴን ባለፈው ሳምንት በቃሽ ብያታለሁ። አሁን ባመጣት ትቀበያታለሽ?» አላት።

«ሩጥ!» አለችው።

ምክር ሲሰጡት አንገቱን የሚነቀንቅ ሰው፣ የራሱን ቤት ፊት ለፊት ሲያይ ይናገራል፤ የተናገረ ደግሞ እርዳታ ያገኛል። በዚያ ዓመት ነርሷ መድኃኒት ያቋረጠ ፍለጋ በየቤቱ መዞሯ ቀረ ማለት ይቻላል። ልጅቱም ትምህርቷን በአባቷ ቡራኬ ጨረሰች።

በትርኢቱ የባልየውን ቦታ አሁን የሚጫወተው አናጢው ራሱ ነው። በየሳምንቱ የሚስቱን ነጠላ በለበሰችው ልጁ ፊት ቆሞ «ድነሻል፣ በቃሽ!» ይላል። በየሳምንቱ ከሕመምተኞቹ አንዱ ብድግ ብሎ «ኧረ ተው፣ ትጨርስ!» ይለዋል። ያኔ በሚስቱ ጊዜ እንዲህ የሚለው ሰው አጠገቡ አልነበረም።

«እሺ» ይላል አናጢው፣ «ትጨርስ።»