ከዐሥሩ አውታር አንዱ

— ሄሎ?... አዎ፣ ጥላዬ ነኝ። ጮክ በል ሞላ፣ ከበሮው ነው የሚሰማኝ... አንበሳሜ በሰላም ገባችሁ? ሰርጉ እንዴት ነው?

— ቤዝ ጊታሩ ምን ሆነ?... ሦስቱ ክር ይጮሃል፣ ወፍራሙ ዝም?... ጨርሶ?

— አይዞህ። የባንዱ አለቃ ጌጡ ምን አለህ?... «ሙሽሮቹ ሳይገቡ ካልተስተካከለ ለሌላ ሰው ስጥ»? በመጀመሪያ ሥራህ? እሺ፣ ስማኝ። ከክሮቹ ሥር የክሩን ድምፅ የምትቀበለው ጥቁሯ ፒክአፕ አለች አይደል? ጫፍና ጫፏ ላይ ብሎን አለ። በወፍራሙ ክር በኩል ያለውን ላላ አድርገው፣ ወደ ክሩ ከፍ ትላለች... ቀስ እያልክ።

— አሁንስ?... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... የጎኑ ክር ጭራሽ ጩኸቱ ባሰበት? እንዲያማ ከሆነ ፒክአፗ ጤነኛ ናት። ክሩ ራሱ ምን ዓይነት ነው?

— ተበጥሶብህ ቀየርከው? መቼ?... ትናንት። ከየት አገኘህ? እዚህ ደብረ ታቦር የቤዝ ክር የሚሸጥ አላውቅም።

— ምን?

— ቆይ፣ ድገመው... ከአባዬ በገና?

— ሞላ... እሱ እኮ የበግ አንጀት ነው። ፒክአፕ ማግኔት ነው፣ የሚሰማው ብረት ነው፤ አንጀት ከየት ይሰማል?... «ክር ያው ክር ነው ብዬ»? አባዬ ዐሥሩ አውታር ዐሥሩ ትእዛዝ ነው ይሉ የለ? አንዷን ፈተህ ሄድክ፣ ያውም አትስረቅ የምትለዋን።

— አትሳቅ። ዛሬ ጠዋት እዚህ ምን እንደተደረገ አታውቅም። አባዬ አውታሩ መጥፋቱን አይተው ሰላማዊትን... አዎ፣ በገና የሚያስተምሯትን ልጅ... «ካንቺ በቀር በገናዬን የሚነካ የለም» ብለው ደጄን እንዳትረግጪ አሏት። እያለቀሰች ነው የወጣችው። እኔም ቆሜ አየሁ። ደግሞ ሰረቀች ብዬ አመንኩ... እግዚኦ።

— እስክትመጣ እንዳልነግራቸው? ልጅቷ እስከዚያ ሌባ ሆና ትደር?

— አቤት አባዬ?... ሞላ ነው... ምንም፣ የክር ነገር ነው...

— ሰምተዋል። በሩ ላይ ቆመው ኖሯል።

— ኧረ አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ጋቢያቸውን እየደረቡ ነው... አባዬ፣ ወዴት ነው?... እነ ሰላማዊት ቤት? ምን ሊያደርጉ?

— ሞላ... «እግሯ ላይ ልወድቅ» አሉ። አባዬ። መሪጌታ ዘውገ። እኔ ተወልጄ እስካሁን ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፣ አንተስ?

— ተው፣ አሁን ማልቀስ ምን ይጠቅማል። ያላላኸውን ብሎን መልሰህ አጥብቅ፣ በሦስቱ ክር ተጫወት። ለጌጡም እውነቱን ንገረው፣ ከፈለገ ያባርርህ። ነገ ግን መጥተህ ልጅቷ ፊት ትቆማለህ...

— አባዬ፣ ይቆዩኝ እንጂ፣ ጫማዬን ላጥልቅ... ዝጋው ሞላ፣ ዝጋው። በትራቸውን እንኳ ሳይዙ ወጡ።