አላውቅም ማለት ያቃታቸው የፓክ ፖኒራን ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ እንዲሁም ባለ ፔዳል ቤቻካችሁን በር ላይ ደርድራችሁ የገባችሁ የሥራ ባልደረቦች፤ አስከሬኑ ከመነሣቱ በፊት የወንድማችንን የዮሐንስ ፖኒራንን የሕይወት ጉዞ እንድናዳምጥ ቤተሰቡ ጠይቋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሱሪፕቲም “ስታነቡት አታሳምሩት፤ የሳቅንበትንም ጨምሩበት” ብለው አደራ ስላሉ፣ አንባቢው መሐል ላይ ቢስቅ ይቅር በሉት።

አባባ ለማለት “ፓክ” የምንላቸው ፖኒራን፣ ከኮኮናት ዛፍ ጭማቂ እያወረዱ ስኳር ያፈሉ ከነበሩት ከአባታቸው ከካርቶና ከእናታቸው ከጊነም፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ከዮግያካርታ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የኩሎን ፕሮጎ ኮረብታ ላይ ተወለዱ፤ የተወለዱት ፖን በሚባለው የገበያ ቀን ስለነበረም ስማቸው ከዚያው ወጣ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ወንዝ ተሻግሮ በሚገኘው የመንደሩ ትምህርት ቤት የገቡ ሲሆን፣ አስተማሪው “ገባችሁ?” ባሉ ቁጥር ከሁሉ ቀድመው “አዎ!” የሚሉ ተማሪ ነበሩ። በዚህም ምክንያት አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ለመማር በቅተዋል።

በሃያ አንድ ዓመታቸው ወደ ዮግያካርታ ወርደው፣ ተሳፋሪ ከፊት አስቀምጠው ከኋላ ፔዳል የሚረግጡባትን ባለ ሦስት ጎማ ቤቻክ ተከራዩ። ሥራ በጀመሩ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከክላተን በባቡር የመጣች አንዲት ወጣት ጣቢያው በር ላይ “አክስቴ ቤት ጅላግራን ነው፤ ያውቁታል?” ብትላቸው፣ በእኛ ዘንድ ለጠየቀ ሰው አላውቅም ብሎ ፊት መንሳት ነውር ነውና “አዎ፣ እንዴታ!” ብለው ሻንጣዋን ጫኑላት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ማሊዮቦሮን ከላይ እስከ ታች ወረዱት፤ በበሪንግሃርጆ ገበያ በጨርቅ ክምርና በቅመም ከረጢት መካከል ተሽሎክልከው የቤተ መንግሥቱን አጥር ዞሩ፤ ሁለቱ ዋርካዎች ከቆሙበት ከደቡቡ አደባባይ ደርሰው እስከ ብር አንጥረኞቹ መንደር ዘለቁ። በየመንገዱ የጠየቋቸው ሰዎችም ልክ እንደ እሳቸው አላውቅም ማለት ስለሚያፍሩ፣ አንዱ በአውራ ጣቱ በትሕትና ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው በዚያው ትሕትና ወደ ምዕራብ ያመለክታቸው ነበር። ልጅቷ ከፊት ሆና ታያለች፤ እሳቸው ከኋላ ሆነው ከተማውንና የፀጉሯን ጉንጉን ያያሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአክስቲቱ ቤት ሲገኝ፣ ለካ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ኖሯል። ፓክ ፖኒራን መሬት ተከፍቶ ቢውጣቸው በወደዱ ጊዜ፣ ልጅቷ ወርዳ “እግዜር ይስጥልኝ፤ ከተማውን አይቼ ጠገብኩ። ነገ ደግሞ ሌላ የማያውቁት ቤት ይውሰዱኝ” አለቻቸው። ይህች ልጅ ወይዘሮ ሱሪፕቲ ነበሩ፤ ጋብቻቸውም በ1970 በተክሊል ተፈጸመ።

በ1972 የመጀመሪያ ልጃቸው ልትወለድ ምጥ በመጣ ጊዜ፣ አዋላጇ ቤት ቀይራ ነበርና ወይዘሮ ሱሪፕቲ “አዲሱን ቤቷን ያውቁታል?” ቢሏቸው የተለመደው “አዎ፣ እንዴታ!” ወጣ። በሦስተኛው ዙር ላይ ወይዘሮ ሱሪፕቲ፣ በትዳር ዘመናቸው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ አክብሮቱን ትተው፣ “አንተ ሰውዬ፣ ታውቀዋለህ ወይስ አታውቀውም?” ብለው እስኪጮኹ ድረስ ከተማውን ዞሩ፤ ዛሬ እዚህ የተቀመጠችው ሬትኖም በሁለቱ ዋርካዎች መካከል፣ ቤቻክ ላይ፣ ለመድኃኒት የሚጠጣ የሥራ ሥር መጠጥ አዝላ በምትዞር ሻጭ እጅ ተወለደች። ወይዘሮ ሱሪፕቲ ልጃቸውን ታቅፈው ባላቸውን አስማሏቸው፦ “ይሉኝታ ለባዕድ ነው። ለሌላው ሰው እንደፈለጉ ይሁኑ፤ ለእኔ ግን የማያውቁትን አውቃለሁ እንዳይሉኝ።”

ፓክ ፖኒራን ማሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው ሥራ ሳይጀምሩ ባለቤታቸውን ከፊት አስቀምጠው አንድ ያልገቡበት ስርቻ እየገቡ፣ ውሻው የሚጮህበትን በርና ጉደግ የሚባለው ጣፋጭ ወጥ የሚሸትበትን ጥግ ሁሉ እየለዩ፣ ዮግያካርታን እንደ መዳፋቸው አወቁ። ቀኝና ግራ ማለት አይሆንላቸውም ነበርና፣ የባሕር ማዶ እንግዶችን “ትንሽ ወደ ሰሜን ጠጋ ይበሉ” ሲሏቸው፣ እንግዶቹ ሰማይ ሰማይ እያዩ ሲጨነቁ ማየት የባልደረቦቻቸው የዘወትር መዝናኛ ነበር። በዚሁ ፔዳል ሬትኖንና ታናሽ ወንድሟን ሱጌንግን አስተምረው ለወግ ማዕረግ አብቅተዋል።

በ2019 የመርሳት ሕመም ጀመራቸው። መጀመሪያ ስርቻዎቹ፣ ቀጥሎ አውራ ጎዳናዎቹ፣ ኋላም የልጆቻቸው ስም ከአእምሯቸው ወጣ፤ ለጠየቃቸው ሁሉ ግን በፈገግታ “አዎ፣ እንዴታ!” ማለታቸውን አልተዉም። ወይዘሮ ሱሪፕቲ ከሞት ይልቅ የፈሩት ይህንን ነበር፤ ባላቸው እንደ እንግዳ ቆጥረው በይሉኝታ የመለሱላቸው ቀን፣ ሃምሳ ዓመት አብረው የዞሩት ሰው እንደጠፉባቸው ያውቃሉና። ባለፈው ሳምንት ጨክነው “ያውቁኛል?” ብለው ጠየቋቸው። “አዎ፣ እንዴታ!” አሉ ፓክ ፖኒራን። ወይዘሮ ሱሪፕቲ እውነት ይሁን ትሕትና መለየት አቅቷቸው ጓዳ ገብተው አለቀሱ።

ከትናንት ወዲያ ጠዋት፣ ትንፋሻቸው ሲያጥር፣ ወይዘሮ ሱሪፕቲ እጃቸውን ይዘው “የሬትኖ አባት፣ እንግዲህ የሚሄዱበትን መንገድ ያውቁታል?” አሏቸው። ፓክ ፖኒራን “አላውቅም” አሉ። “ለአንቺማ አልዋሽም፤ ምያለሁ። እየጠየቅሁ እሄዳለሁ።” ወይዘሮ ሱሪፕቲ እያለቀሱ ሳቁ፤ ባላቸውም ሳቁ፤ ብዙም ሳይቆዩ በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ፓክ ፖኒራን ውድ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሱሪፕቲን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ደወሏ ዛሬም የምትሠራ ቤቻካቸውን ትተውልን ሄደዋል። አሁን አስከሬኑ ከፍ ሲል ልጆችና የልጅ ልጆች እንደ ወጋችን ሦስት ጊዜ በሥሩ ያልፋሉ፤ ከዚያም ባልደረቦቻቸው በማሊዮቦሮ በኩል አጅበው ይሸኟቸዋል፤ ወይዘሮ ሱሪፕቲም በባላቸው ቤቻክ ላይ እንደ ወትሮው ከፊት ይቀመጣሉ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች ማረፊያ ያሳርፍልን። መንገድ ሲጠይቁ የሚያገኟቸው ቅዱሳንም፣ ስለ ይሉኝታ ሳይሆን በእርግጥ እያወቁ ያመልክቷቸው። አሜን።