አረንጓዴው ምልክትና የጎርፍ መውረጃ ክዳኖቻችን

ክብርት ወይዘሮ ካርላ ሞሬቶ፣ የድርጅታችን ባለቤት፤ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን ብሬት፤ ክቡራትና ክቡራን የማሽን ክፍል ሰዎች፤ እናንተም በሩ ጋ ቆማችሁ ፒዛውን የጀመራችሁ፤ ሁላችሁንም ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ወይዘሮ ካርላ አዳራሹን ስለተከራዩ፣ ዓሣውንም ስላስጠበሱ እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ ቤት የተጠበሰ ዓሣ የሚቀርበው ሰው ጡረታ ወጥቶ ሲሄድ ብቻ ነው። ቶሎ ቶሎ መሄድ ነበረብኝ።

ብሬት "ሬዣን፣ አምስት ደቂቃ ብቻ" ብሎኛል። እሺ ብዬዋለሁ። እሺ ብሎ የፈለጉትን ማድረግ ከእሱ ነው የተማርኩት።

አንዳንዶቻችሁ ሚስትና ባል ይዛችሁ መጥታችኋል፤ እነሱ እኔ ምን ስሠራ እንደኖርኩ አያውቁም። የኔዋም አታውቅም። "ኮምፒውተር ላይ ሦስት ማዕዘን ሲቆጥር ይውላል" ትላለች፤ ብዙም አልተሳሳተችም። ደንበኛ አሮጌ ዕቃ ያመጣል፣ ዕቃው በስካነር ይነሳል፣ ስካነሩም በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች የተሠራ መረብ አድርጎ ይልክልናል። ስካነር ይሉኝታ የለውም። ዝገቱን፣ የተጣበቀውን ማስቲካ፣ የርግቡን ኩስ ሁሉ አብሮ ያነሳል። ያንን እንዳለ ለማሽን ብትሰጡት ማሽኑ ማስቲካውን በአሉሚኒየም ቀርጾ ያስረክባችኋል። የኔ ሥራ መረቡን ማጽዳት፣ የበዛውን መቀነስ፣ የተቀደደውን መጠገን ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኛው ቀዳዳ የስካነሩ ጉድለት፣ የትኛው የዕቃው የራሱ እንደሆነ መለየት።

ይሄ ጊዜ ይወስዳል። ብሬት ደግሞ ጊዜ የሚወስድ ነገር አይወድም። ስለዚህ አዲስ ፕሮግራም ገዛ። ፕሮግራሙ "ሁሉንም አስተካክል" የሚል አንድ ቁልፍ አለው። ስትጫኑት ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ አረንጓዴ ምልክት ያወጣል። አቤት ያን አረንጓዴ ሲወደው! ስብሰባ ጠራልን፣ ዶናት ገዛልን። "ሬዣን፣ የአንተ የሳምንት ሥራ በአንድ ጠቅታ" አለኝ። "እንኳን ደስ ያለህ" አልኩት። ምን ልበለው? ዶናቱ አፌ ውስጥ ነበር።

በሚያዝያ ጉልበቴን ላስቀይር ሆስፒታል ገባሁ። የአሮጌው ሰፈር ማኅበር ሽማግሌዎች የመጡት ያኔ ነው። መንገዳቸው እየታደሰ ነበርና የጎርፍ መውረጃ ክዳኖቹ፣ እነዚያ በአበባ ቅርጽ የተበሳሱት የድሮዎቹ፣ እንደነበሩ ሆነው እንዲሠሩላቸው ፈለጉ። አንዱ ክዳን በስካነር ተነሳ፣ ፋይሉ መጣ፣ ብሬት ቁልፏን ተጫናት። ቁልፏ ምን አጠፋች? ያገኘችውን ቀዳዳ ሁሉ ደፈነች። "ክፍተት አልተገኘም" ብላ አረንጓዴዋን አበራች።

ፋይሉ ማሽን ላይ ላለችው ለጃድራንካ ደረሳት። ይቺው በምሳ ሰዓት በካርታ ሁላችንንም የምትልጠን ጃድራንካ። አየችውና ቀጥ ብላ ወደ ብሬት ቢሮ ወጣች። እኔ አልነበርኩም፤ በሩ ክፍት ስለነበር ግን ሒሳብ ክፍል በሙሉ ሰምቷል።

"ብሬት፣ ውሃው በየት በኩል ነው የሚወርደው?"

"አረንጓዴ አይደለም እንዴ?"

"አረንጓዴ ነው። እኔ የምልህ ውሃው..."

"ጃድራንካ፣ አንቺ ቁረጪ። ማሰቡን ፕሮግራሙ ጨርሶታል።"

ቆረጠች። አለቃ ቁረጪ ካለ ይቆረጣል። የቆረጠችው የአሉሚኒየም ቅርጽ ወደ ብረት ማቅለጫ ሄደ፣ በእሱ ልክ ክዳኖቹ ተሠሩ፣ የመንገድ ሠራተኞች ገጠሟቸው። ይሄ ሁሉ ሰው በዓይኑ አይቶታል እኮ። "አዲስ ሞዴል ነው" እየተባባለ አሳለፈው። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ መንገዱ ሐይቅ ሆነ፤ ዳክዬዎች ገቡበት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በር ላይ ቆሞ ዳቦ ሲጥልላቸው ጋዜጣ ላይ ወጣ።

ሳቁ፣ እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ ስቄያለሁ። ሳቄ የቆመው ሥራ ስመለስ ነው። ብሬት ለወይዘሮ ካርላ "የማሽን ሠራተኛዋ ስህተት ነው" ብሏቸው ኖሯል። በዚህ ሳምንት ጃድራንካ ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጣ ተነገራት። እኛስ ምን አልን? አህያውን ፈርተን ዳውላው ሲደበደብ ዝም አልን። ይቅርታ ብሬት፣ አባባሉ ነው እንጂ አንተን አህያ ማለቴ አይደለም።

እዚያ ጥግ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አለ። የኔ ስጦታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ወረቀቱን ቀደድ አድርጌ አይቼዋለሁ። ግሩም ነው። መልሱት። እኔ የምፈልገው ሌላ ስጦታ ነው። ብሬት፣ ያቺን ቁልፍ ማን እንደተጫናት፣ ማን ቁረጪ እንዳለ፣ እዚሁ ለወይዘሮ ካርላ ንገራቸው። አምስት ደቂቃዬ አልቋል፤ ቢሆንም እጠብቅሃለሁ። ጉልበቴ አዲስ ነው፣ ብዙ ያስቆመኛል።

ምን አልክ? ጎላ አድርገው፤ የጃድራንካን ጆሮ ማሽኑ በልቶታል።

"እኔ ነኝ" አለ። ሰማችሁ? "እሷ ጠይቃኝ ነበር" አለ። ጎሽ። ይሄን ቃል እዚህ ቤት ከአለቃ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ተቀመጥ፣ ዓሣህ ሳይቀዘቅዝ ብላ። አልጠላሁህም።

ወይዘሮ ካርላ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? "ሰኞ ማሽኗ ጋ ትግባ" አሉ። ዕድሜ ይስጥልኝ።

እንግዲህ ልመርቅና ልውረድ። እጃችሁን ከስለት ይጠብቀው። ጡረታችሁን በጤና የምትበሉ ያድርጋችሁ። ልጆቻችሁን ሲጠየቅ የማይቆጣ አለቃ ይስጣቸው። ብሬት፣ ላንተም ልብ ይስጥህ፤ ዛሬ ጀምሮልሃል።

ጃድራንካ፣ አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል? ሰኞ ትገቢያለሽ ተብሏል እኮ። ምን?

"አንተ አትኖርማ" ትላለች።

እኔ እንኳ... ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። ማይኩን ተቀበሉኝ። ደህና ሁኑ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ።