የሌለ በሬ

የእኔ ሱስ ቤቴ ተቀምጬ የፊልም ድምፅ እንደገና መሥራት ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተምራለሁ፤ ከሥራ ስገባ ላፕቶፔን እከፍትና ያልወደድኩትን ማጀቢያ አውጥቼ የራሴን እተካለሁ። አንድ ፊልም ላይ ገበሬው ሲያርስ የሚሰማው ዋሽንት ብቻ ነው። አናደደኝ። ዋሽንቱን አወጣሁና አጎቴ አያ ፈንታ ሲያርሱ በስልኬ የቀዳሁትን ድምፅ ከተትኩበት። የቀንበሩ ሲጢጥታ፣ የጅራፉ ጩኸት፣ የእሳቸው «ተመለስ ቦራ» ከገበሬው አፍ ጋር ልክክ አለ።

አያ ፈንታ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ አሳየኋቸው። አዩና «ቦራው የታለ?» አሉኝ። «የቱ ቦራ?» አልኩ። «ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። እነዚህ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር ናቸው። ሰውዬው የሚጣራው የሌለ በሬ ነው።» ስንት ቀን የለፋሁበት ነው። «እንግዲያው እዚሁ ስልኩ ላይ ‹ተመለስ ቀዮ› ይበሉልኝ» አልኳቸው። ቤቱን ዙሪያውን ቃኙ። «በሬ በሌለበት ማንን ልቆጣ?» አሉ።

በሳምንቱ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። የጎረቤት ቀይ በሬ ተውሰው ከቦራ ጋር ጠመዱ። ቀዩ ለማያውቀው ሰው አልታዘዝም አለ፤ አያ ፈንታ የእውነት ተቆጡ፤ እኔም ቀዳሁ።

ሌላ ቅዳሜ መጥተው የተስተካከለውን አዩ። ድምፃቸው «ተመለስ ቀዮ» ሲል ፊልሙ ላይ ያለው ቀይ በሬ ወዲያው ዞረ። አያ ፈንታ «ይሄን በሬ ነበር መዋስ» አሉ።