አባባ ሱቁን ሲዘጋ

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ማሙሽ! ትሰማኛለህ?... ቆይ ወደ መስኮቱ ልጠጋ፣ እዚህ ተራራ ላይ ኔትወርኩ የሚመጣው ሲያሰኘው ነው... አሁንስ?

— አልተገኘም... አልተገኘም አልኩህ እኮ! አባባ ቢገኝ እኔው አልደውልልህም?

— በጠዋት ነው የወጣው። የሎጁ ዘበኛ አይቶታል። ኮቱን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ፣ «እንዴት አደርክ» ብሎት ነው ያለፈው... ሽርሽር መስሎታላ! ሰው እዚህ ድረስ የሚመጣው ለሌላ ለምንድን ነው?... እኛማ ተኝተን ነበር። ስንነሳ አልጋውን አንጥፎ ሄዷል።

— ጉም ነው፣ ድፍን ያለ ጉም። ትናንት ልጆቹ ፎቶ የተነሱበት ገደል ዛሬ የለም። በረንዳው ላይ ቆሜ የገዛ መኪናዬ አይታየኝም። ሰው በገመድ የሚያሻግረውን ኬብል ካርም አቁመውታል... ሚሚዬ፣ ነገርኩሽ እኮ፣ ዛሬ አይሠራም! ሂጂ አባትሽ ጋ!... አንተን አይደለም፣ እሷን ነው።

— የነፍስ አድን ሰዎች መጥተዋል። አለቃቸው እዚሁ አዳራሹ ውስጥ አጠገቤ ቆሞ በሬዲዮ ያዛቸዋል። በየመንገዱ በድምፅ ማጉያ «አባት! አባት!» እያሉ ይጣራሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። መልስ ከሌለ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። እንዲህ ባለ ጉም ሰው የሚፈለገው በድምፅ ነው አለኝ... የታችኛውን መንገድ ጨርሰዋል፣ አሁን ላይኛው ላይ ናቸው።

— ምን አልከኝ?... ድገመው፣ ተቆራረጠብኝ።

— ጆሮውን?

— እኔ እንጃ፣ ማሙሽ። አድርጎት ይሆናላ! የመስሚያ መሣሪያውን ሳያደርግ እንዴት... ቆይ፣ እንዳትዘጋ። ክፍሉ እዚሁ ኮሪደሩ ላይ ነው፣ እየሄድኩ ነው።

— ትናንትማ አውልቆት ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ሁላችንም ስንሰማህ... «እኔ ቤት ደረጃ አለ፣ አይሆነውም» አልክ። እኔም «እኔ ቤት ደግሞ ቀን ቀን ማን አብሮት ይውላል?» አልኩ። ያኔ ነው ያወለቀው። እኛም እንደ ልማዳችን «አባባ ሱቁን ዘጋ» ብለን ሳቅን... አንተም ስቀሃል! ሰምቼሃለሁ እኮ! በተጨቃጨቅን ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኪሱ ሲከተው ስንስቅ የኖርነው ሁላችንም ነን፣ እኔን ብቻ አታድርገኝ... አይደለም፣ «ተራ በተራ እንያዘው» ያልከው ሳያወልቅ በፊት ነው። ሰምቶሃል፣ ማሙሽ። እኔንም ሰምቶኛል። ደስ ይበለው ብለን አምጥተነው...

— ገባሁ... ከዘራው የለም፣ መነጽሩም የለም...

— ወይኔ።

— ወይኔ ማሙሽ፣ ጆሮው እዚህ ነው! መስኮቱ ላይ፣ መሐረቡን አንጥፎ አስቀምጦታል... ቆይ፣ ለአለቃው ልንገረው!

— ጌታዬ! ጌታዬ፣ አባቴ አይሰማም!... ያለዚህ ምንም አይሰማም፣ ይኸው በእጄ!... አዎ፣ አልነገርኳችሁም። እኛ ለምደነው... ሁልጊዜ ጮክ ብለን ስለምናወራው፣ እንደማይሰማ እንኳ... ይቅርታ፣ ኧረ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይመልሷቸው!

— ሄሎ፣ አለህ? እየመለሳቸው ነው። «የተጣራችሁበትን ሁሉ እንደገና፣ ከመንገዱ ወርዳችሁ፣ በእጃችሁ እየዳበሳችሁ» እያላቸው ነው። ማሙሽ፣ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጦ ይሆን? እንደዚያ ሲጮኹ... አታልቅስ። አንተ ካለቀስክ እኔ ምን ልሁን?

— የትኛው ድምፅ?... ይሄ የሚያፏጨው? ጆሮው ነው። መዳፍ ውስጥ ሲታፈን ያፏጫል። ሳያጠፋው ነው ትቶት የወጣው።

— ቆይ፣ ሬዲዮው...

— አገኙት! ማሙሽ፣ አገኙት! ከታችኛው መንገድ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል! ተመስገን! ኧረ ተመስገን! ሚሚ፣ አያትሽ ተገኘ! ብርድ ልብሱን ከአልጋው አንሺልኝ፣ ሩጪ!... አዎ፣ ሲጣሩ እግራቸው ሥር ነበር ማለት ነው፣ ጉዳችን... ጌታዬ፣ ምን አለ? እኛን ጠየቀ?

— ምን አለ እኮ ነው የምልዎት?

— ኮፍያዎን ለምን ያወልቃሉ?

— ሄሎ... አለሁ።

— አይ። ምንም አላለም፣ ማሙሽ።

— እጁ ገና አልቀዘቀዘም ነበር አሉ።

— ጆሮው ነው፣ አዎ። አሁንም ያፏጫል። ማሙሽ፣ የገዛህለት አንተ አይደለህ? እኔ አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም። የት ጋ ነው የሚጠፋው?... ንገረኝ እስቲ፣ የት ጋ ነው የሚጠፋው?

— ሄሎ?... ማሙሽ?... ትሰማኛለህ?