ወንዙ የተኛበት መሬት

ጡብ ሠሪውን ሽማግሌ የሰፈሩ ሰው «አባ ጥድፊያ» ብሎ የሰየማቸው በከንቱ አልነበረም። ቆመው ይበላሉ፣ እየሄዱ ያወራሉ፤ ሰላም ያላቸው ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን ሰጥተው ያልፋሉ። በዚያ ሰሞን ደግሞ የባሰባቸው ምክንያት ነበራቸው። አንዲት ልጃቸው ልትዳር ነው። አማቻቸው የሚሆነው አናጺ በሩንና መስኮቱን ሠርቶ ከእቶኑ ግድግዳ ጋር አስደግፎ ትቶላቸዋል። ያንን በር ባዩ ቁጥር እርምጃቸውን ያፈጥኑ ነበር። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እናትም አባትም ሆነው ላሳደጓት ልጅ፣ በር ተሠርቶ ቤት መጥፋቱ እንደ ውርደት ይሰማቸዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ካስማ በብብታቸው ሸጉጠው፣ ሲባጎ በእጃቸው ጠቅልለው ወደ ወንዙ ዳር ሜዳ ሲከንፉ፣ መታጠፊያው ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ሊላተሙ ለጥቂት ተረፉ። ቀና ሲሉ የእህታቸው ልጅ ናት። የታሪክና የጂኦግራፊ አስተማሪ ስትሆን፣ ትምህርት ቤት ለዕረፍት ስለተዘጋ ሠርጉን ልታግዝ መጥታ ከአውቶቡስ ገና መውረዷ ነበር።

«እንደምን አደሩ አጎቴ? ልጅቷስ...»

«ደኅና፣ ደኅና፣ እሷም ደኅና ናት፤ ይህን ያዢልኝ» አሉና ካስማዎቹን አሸከሟት።

ሜዳው ለጥ ያለ፣ አፈሩ ለእግር የሚመች ነው። በአንድ ወገኑ የሽማግሌው እቶን፣ በሌላው ወገን ጭቃ የሚያወጡበት ጉድጓድ አለ። ከዚያ ባሻገር ወንዙ ይታያል። በላይኛው አገር ሰማዩ ከጠቆረ ሰንብቷል፤ የወንዙም መልክ ከጠራው ወደ ድፍርስ እየተለወጠ ነበር። አባ ጥድፊያ አንድ ካስማ በመዶሻ በመቱ ቁጥር ቀና ብለው ያዩታል፤ ግን ማየታቸውን ማንም እንዲያውቅባቸው አይፈልጉም።

አንባቢ ከመፍረዱ በፊት የሽማግሌውን ደንብ ቢያውቅ ይበጃል። በዚያ አገር ጡብ ሠሪዎች ዘንድ «ጡብ ከጉድጓዱ አይርቅም» የሚባል ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ቃል አለ። ቤት የሚሠራው ጭቃው ከወጣበት ጉድጓድ አጠገብ ነው፤ ርቆ የተሠራ ይሰነጠቃል ይላሉ። ነገሩ ሲጀመር ጡቡ በሸክም እንዳይሰበር፣ ወገብም እንዳይጎብጥ የታሰበ ብልሃት ሳይሆን አይቀርም። ብልሃት ሲያረጅ ግን ሕግ ይሆናል፤ ሕግ የሆነውን ደግሞ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

አስተማሪዋ ጠየቀች። ካስማዎቹን እንደታቀፈች ወንዙን፣ ጉድጓዱን፣ ከበስተኋላ ያለውን ድንጋያማ ጉብታ ተራ በተራ ስታይ ቆይታ፣ ቤቱ በእርግጥ እዚህ ሊሠራ መሆኑን፣ ለምንስ ጉብታው ላይ እንደማይሆን በትሕትና ጠየቀች። ሽማግሌው ደንቡን ነገሯት። ሰምታ እንደገና ወደ ወንዙ ዞረች። አኳኋኗ ስላላማራቸው መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«አንቺ ታሪክ ታስተምሪ የለ?» አሉ። «የጥንት ሰዎች የት ነው የሰፈሩት? ወንዝ ዳር አይደለም?»

«ወንዝ ዳር ነው።»

«በቃ። አንቺው ፈረድሽልኝ» ብለው መዶሻቸውን አነሡ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ፤ ከሥሩ ልንገርዎትና ከዚያ ይፍረዱ» አለች።

ከሥሩ ነገረቻቸው። ሰው አስቀድሞ አውሬ እያደነ፣ ሥር እየማሰ የሚዞር እንደነበረ፤ ከዚያ ወንዝ ሞልቶ ሲመለስ ትቶት የሚሄደው ደለል ዘር እንደሚያበቅል አይቶ እግሩን ሰብስቦ መቀመጥ እንደጀመረ። ከአንድ ማሳ የሚገባው እህል ካረሰው ቤተሰብ ሲተርፍ፣ አንዱ እርሻውን ትቶ ሸክላ ሠሪ ሆነ፤ ሌላው ግንበኛ፣ ሌላው ጎተራ ጠባቂ ሆነ። ውኃውን በቦይ ለመሳብ አንድ ሰው ብቻውን አይችልምና ጎረቤት ከጎረቤት ተስማማ፤ መንደሩ ከተማ ሆነ።

«ወንዙ ደለል ባያመጣ ኖሮ» አለች፣ «እርስዎም ጡብ ሠሪ፣ እኔም አስተማሪ ባልሆንን። ሁላችንም ሥር ስንምስ ነበር የምንውለው። ግን አጎቴ፣ የዘሩበት ሌላ፣ የተኙበት ሌላ ነው። የጥንት የግብፅ ገበሬዎች ደለሉ ላይ ይዘሩና ቤታቸውን ሙላቱ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሠሩ ነበር። በምሥራቅ፣ ከባሕር ማዶ የኖሩት የኢንዱስ ወንዝ ሰዎች ደግሞ እንደ እርስዎ ጡብ በእሳት የሚተኩሱ ነበሩ። እነሱም ቢሆኑ ትልልቅ ሕንፃዎቻቸውን የሠሩት መጀመሪያ መሬቱን በጡብ መደብ ከፍ አድርገው ነው።»

ጡብ ሠሪ በዚያን ዘመን መኖሩ ሽማግሌውን ደስ አሰኛቸው፤ በምን እንጨት ይተኩሱ እንደነበር ሁሉ ጠየቋት። ግን ደስታቸው ሐሳባቸውን አልቀየረውም። ሲባጎውን እየጠቀለሉ እየፈቱ፣ ከካስማ ወደ ካስማ እየተመላለሱ መለሱላት። የሩቅ አገር ወንዝ የራሱ ጠባይ አለው፤ ይህን ወንዝ ግን ከልጅነታቸው ጀምረው ያውቁታል፤ እስከ ዛሬ ጫማቸውን እንኳ አርጥቦ አያውቅም።

«ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ እርስዎ ያስተማሩኝ ተረት ነው» አለች። «የአንድ ሰው ዕድሜ ለወንዝ ምኑም አይደለም።»

«ጉብታው ድንጋይ ነው። ምን ይበቅልበታል?»

«ስለማይበቅልበት እኮ ነው ቤት የሚሠራበት። በሚያበላ መሬት ላይ መተኛት ምን ይባላል?»

አባ ጥድፊያ ተቆጡ። የተማረ ሰው በአፉ ቤት ይሠራል፣ እኛ በእጃችን ነው የምንሠራው፤ ነገ መሠረቱ ይቆፈራል፣ አለቀ አሉ። አስተማሪዋ አልተከራከረችም። ጫማዋን አወለቀችና ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች። የሽማግሌውን አካፋ ይዛ ግድግዳውን ልትፍቅ ሞከረች፤ አያያዟ ያስቅ ነበር። አካፋ በእንዲህ ያለ እጅ ሲንገላታ ቆሞ ማየት ለሽማግሌው ከሙግቱ ይብስባቸዋልና ተከትለው ወረዱ፤ ነጠቋትና የጉድጓዱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች እንደ ቅቤ ፋቁት።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ከላይ ያለውን እያሳየች።

«ጥሩ ጭቃ ነዋ።»

«ከሥሩ ያለውስ?»

«አሸዋ። ጡብ የሚሰነጥቅብኝ ይህ ጠላቴ ነው። ከሥሩ ደግሞ ጭቃ አለ። ከዚያ እንደገና አሸዋ።»

«ማን አመጣው?»

ሽማግሌው የአሸዋውን መስመር በአካፋው ጫፍ ተከተሉት። አሸዋ በሚሮጥ ውኃ እንደሚመጣ፣ ጭቃ ደግሞ ውኃ ተኝቶ ሲሰነብት እንደሚዘቅጥ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ጭቃቸውን ሲያጠሩ በበርሜል የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ይህን ያህል ዘመን ጉድጓዱን ሲቆፍሩ ኖረው፣ ወንዙ ሮጦም ተኝቶም ያለፈው በዚሁ ሜዳ ላይ መሆኑን አንድ ቀን አላሰቡትም ነበር። ጭቃውን ይወዱት ነበር እንጂ ከየት መጣህ ብለውት አያውቁም።

አስተማሪዋ ዝቅ ብላ ከታች ያለ ጥቁር መስመር በጣቷ ነካች። ሽማግሌው ያንን ጥቁር አፈር ቀደም ሲልም ያገኙት ነበር፤ ጡብ ያበላሻል እያሉ እየዛቁ ይጥሉታል። አሁን በአካፋው ጫፍ ቀስ ብለው ሲገልጡት አመድ ሆኖ ተገኘ። ከአመዱ ሥር አፈሩ በእሳት ቀልቷል። ዙሪያውን ሦስት ድንጋዮች ፊት ለፊት እየተያዩ ተቀምጠዋል፤ ውስጣቸው በጢስ ጠቁሯል። አጠገባቸው የተሰበረ ትንሽ የሸክላ ዋንጫ አለ።

ሦስት ጉልቻ ነበር። ከላዩ ያለው ጭቃና አሸዋ ከሽማግሌው ቁመት ይበልጣል።

አባ ጥድፊያ ተቀመጡ። የእህታቸው ልጅ ተቀምጠው አይታቸው አታውቅምና ደነገጠች፤ ውኃ ላምጣ አለች። የካስማውን ቦታ ቀና ብለው አዩት። የልጃቸው ምድጃ ሊሆን ያሰቡበት ቦታ ከዚህ ምድጃ በላይ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የተናገሩት ስለ ጡብም ስለ ደንብም አልነበረም።

«እውነቱን ልንገርሽ» አሉ። «ደንቡን ተይው። እዚህ ከሆነች ከእቶኑ በር ላይ ቆሜ አያታለሁ። ጠዋት በሯን ስትከፍት አያለሁ። እዚያ ጉብታ ላይ ከወጣች ማንን አያለሁ? አንድ እሷን ነው ያለኝ።»

ለዚህ መልሱ የመጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከላይ ነው። ልጃቸው ምሳቸውን ይዛ መጥታ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ኖሯል፤ ስንቱን እንደሰማች እንጃ፣ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር።

«አባዬ፣ ከጉብታው ላይ እቶኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል» አለች። «እርስዎ እኔን ባያዩኝ እኔ አይዎታለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ይመጣሉ። ለእርስዎም አንድ ክፍል እንሠራለን፤ የክፍሉንም በር እጮኛዬ እየቀረጸ ነው፣ ሊነግርዎ ፈርቶ ነው እንጂ።»

ሽማግሌው ከጉድጓዱ ወጡ። ማንንም ሳያዩ ሄደው ካስማዎቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። ሲጨርሱ፣ ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ፣ ጋሪ የሚያከራይ ሰው ፈልጉ እንጂ ብለው ተቆጡ፤ ጥድፊያቸው ተመልሶ ነበር።

ጡቡ በጋሪ ወደ ጉብታው ወጣ። በየጉዞው አንድ ሁለት ሲሰበር አባ ጥድፊያ ስባሪውን ለአስተማሪዋ እያሳዩ «አላልኩሽም?» ማለታቸውን አልተዉም። ቢሆንም ቤቱ ቆመ፤ ልጅቷም ተዳረች። የላይኛው አገር ዋናው ዝናብ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ወንዙ አንድ ቀን ሙሉ እያጉረመረመ ዋለና ሜዳውን በሙሉ ሸፈነው። የእቶኑ አንድ ጎን ተናደ። ካስማዎቹ ተተክለው በነበሩበት ቦታ ላይ ዛፍ ከነሥሩ ሲያልፍ ሽማግሌው ከልጃቸው በራፍ ላይ ሆነው አዩ። ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር፤ ልጅቷ ከኋላቸው ስትመጣ እጇን ጭምቅ አድርገው ያዙ፣ ብዙ ጊዜም አልለቀቁም።

ምክር ያልገባውን መከራ ይምከረው ይባላል። ለአባ ጥድፊያ ግን ምክሩ ከመከራው ቀድሞ ደርሷል፤ ትርፉንም ዘርዝሮ መናገር ይገባል። ውኃው ሲመለስ አዲስ ደለል ትቶ ሄደ፤ አናጺውና ሚስቱ ጎመንና ቦሎቄ ዘሩበት፣ ከቤት ተርፎ ለገበያ በቃ። የጉድጓዱ ጭቃ ታደሰ። የቤቱ ግድግዳ ከእርጥበት፣ ሰዎቹም ከወባ ትንኝ ተገላገሉ። እቶኑን ሽማግሌው ራሳቸው በጥቂት ቀን ጠገኑት፤ እቶን ይጠገናል። እንዲህ ነው፤ ወንዝን የሸሸ ይራባል፣ ወንዝ አልጋ ላይ የተኛ ይወሰዳል፣ በልኩ የቀረበው ግን ከነልጅ ልጁ ይጠግባል።

በሚቀጥለው በጋ አንድ ጎረቤታቸው ለልጁ ቤት ሊሠራ ካስማና ሲባጎ ይዞ ወደ ሜዳው ሲጣደፍ አባ ጥድፊያ መንገድ ላይ አገኙት። ሰውየው አፈሩ ለስላሳ መሆኑን፣ ልጁ ልትዳር መድረሷን፣ ጊዜ እንደሌለው በችኮላ ነገራቸው። ሽማግሌው አልተከራከሩትም። ክንዱን ይዘው ደለል ሞልቶት እንደገና ወደ ቆፈሩት ጉድጓድ አወረዱትና ሦስቱን ድንጋዮች አሳዩት።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ በጢስ የጠቆረውን ዳሰሰና የማን እንደሆነ ጠየቃቸው።

«የማን እንደሆነ አላውቅም» አሉ አባ ጥድፊያ። «ግን እዚህ እሳት ያነደደችው ልጅም አባት ነበራት። እሱም ቸኩሎ ነበር።»

ሰውየው ሲባጎውን ኪሱ ውስጥ ከተተና ጉብታውን ቀና ብሎ አየ።