ቆጮን አትክልት ያደረጉት ልብስ ሰፊ

ካዛንቺስ ውስጥ አቶ ቸሩን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የገባ ነው ወይ ሱሪ ለብሶ አያውቅም። እሳቸው በዓይናቸው ለክተው የሰፉት ኮት፣ ባለቤቱ ቢከሳም ቢወፍርም ልክክ ይልለታል ይባላል። ያ ዓይን ግን ከክረምት ወዲህ ጭጋግ ለብሷል። ሐኪሙ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ስኳራቸው ካልወረደ ዓይናቸውንም የስፌት መኪናቸውንም ሊያጡ እንደሚችሉ ሳይደብቅ ነግሯቸው፣ እንጀራ፣ ዳቦና ፓስታ እንዲቀንሱ አዘዛቸው። አቶ ቸሩ መቀነስ አያውቁም፤ ጭርሱን ተዉት። ስኳሩ ግን ወይ ፍንክች።

አንድ ቅዳሜ ከክትፎ ቤት አፋቸውን እየጠረጉ ሲወጡ የጎረቤታቸው የሙሐሲን ልጅ ሂባ በር ላይ ገጠመቻቸው። በነርስነት ተመርቃ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመቷ ነው። ጤንነታቸውን ብትጠይቅ ሐኪሙን ይከሱላት ጀመር፤ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ወይም የሌላ ሰው ደም ተቀላቅሎባቸዋል፤ እሳቸው እንደሆኑ ጤፍ በሕልማቸውም አልመጣ። ሂባ ዛሬ ምን እንደበሉ በትሕትና ጠየቀች። ክትፎ፣ አይብ፣ ጎመን። ቆጮስ? ቆጮማ ምን ጥያቄ አለው፤ የእንጀራውንም ቦታ የያዘው እሱ ነው።

«እንግዲያው ስኳሩ ያለው እዚያ ነው፣ ጋሼ ቸሩ።»

«አንቺ ልጅ፣ ቆጮ እህል ነው እንዴ? አትክልት እኮ ነው። እንሰት ሲፋቅ አላየሽም? አባትሽ ሙሐሲን እንዳይሰማሽ።»

«ድንችም ከመሬት ነው የሚወጣው። እንሰቱ ስንት ዓመት ያጠራቀመው ስታርች ነው ቆጮ የሚሆነው፤ ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል። ማለቴ፣ ከእንጀራ ሸሽተው የተደበቁት የእንጀራ ወንድም ቤት ነው።»

በእንሰት ላደገ ሰው ይህን መስማት፣ እናትህ ሌባ ናት እንደመባል ነው። የክትፎ ቤቱ ባለቤት ደጋጋም ከበሩ ሆኖ ሰማና፣ ሰውየው እንግዲህ ክትፎውን በአየር ጠቅልለው ይብሉ ወይ ሲል አላገጠ።

«በጥቅል ጎመን ቅጠል ይጠቅልሉት» አለች ሂባ ሳትቆጣ። ከገበታው የምታነሳው ቆጮውን ብቻ እንደሆነ አስረዳች። ክትፎው ለብለብ ይሁን፣ ቅቤውም ሥጋውን አያስዋኘው፤ አይቡና ጎመኑ ይቀመጡ። ለጀማሪ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ ቆስጣ፣ ፎሶሊያ፣ ሰላጣና አቮካዶ ይበቃል። በጾም እንጉዳይና ተልባ አለ፤ ሽሮና ምስር ግን በልክ። ሻይ ያለ ስኳር፤ ስፕሪስ የሚባለውን ጁስ ደግሞ በሩቁ። «መድኃኒትዎን ግን ሐኪሙ ሳያውቅ እንዳይነኩ። ምግብዎን እንደለወጡም ይንገሩት፤ ስኳር ከልክ በላይ ሲወርድም ይጥላል።»

አቶ ቸሩ ወሬ ሳይሆን ማስረጃ ጠየቁ። በማግስቱ ክትፎ በቆጮ በልተው፣ በሌላው ቀን ያንኑ ክትፎ በጎመን ቅጠል ጠቅልለው፣ ሁለቴም ሂባ ጣታቸውን ወጋ አድርጋ በመዳፍ በምትያዝ የስኳር መለኪያ ለካቻቸው። የቆጮው ዕለት ቁጥሩ ሽቅብ ተተኮሰ። የቅጠሉ ዕለት እርጋታው ለጉድ ነበር። ሰውየው ጣታቸውን ወደ ብርሃን አንስተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ሚስታቸው ወርቅዬ እንኳ የማታውቀውን የምሳቸውን ምስጢር ከሽንብራ ያነሰች የደም ጠብታ ታውቀዋለች። በሆዳቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ጸሐፊ ተቀምጦ ሲመዘግብ ስልሳ ዓመት ሙሉ አለማወቃቸው ገረማቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ይገርማል፣ ልጄ። እኔ የሰው ገላ ስለካ የኖርኩት ውስጡን ሳላይ ነው ለካ።»

ከዚያ ወዲያ ቆጮ የበዓል እንግዳ ሆነ፤ እሱም በጣት የሚያዝ ቁራሽ ብቻ። ቀጠሮው ሲደርስ ስኳሩ ወርዶ ተገኘ፤ ሐኪሙም መድኃኒት መጨመሩን ተወው። ጭጋጉም ቀስ በቀስ ሳሳ፤ ከሰዓት በኋላ የሚጥላቸው ድካም ተዋቸው፤ ሌሊት በጥም መንቃትም ቀረ። የሰፈሩ ወሬኛ አሁን ከካዛንቺስ ሆነው የኦሎምፒያን ታክሲ ታርጋ ያነባሉ ይላል። ውሸት ነው። በስፌት መርፌያቸው ቀዳዳ ክሩን ግን ራሳቸው ያስገባሉ።

አንድ ምሳ ሰዓት ሂባ እዚያው ክትፎ ቤት ስትለካቸው፣ ደጋጋ ሽርጡን እየፈታ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። የዛሬውን ቀልድ ሲጠብቁ፣ ደንበኞቹ እንዳያዩት ጀርባውን ለቤቱ ሰጠና ጣቱን ዘረጋ።

«እኔም ሌሊት ውኃ ጥም ያስነሳኛል» አለ በሹክሹክታ።

አቶ ቸሩ አልሳቁም። የጎመን ቅጠሉን ሰሃን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት።